ጭሱ መቼ ተለካ?

በመንዝ እሳት የሚነደው ወጥ ለመሥራት ብቻ አይደለም። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጩ ገብሱን ሲለበልብ ሰውም ባናውን ተከናንቦ ምድጃውን የሙጥኝ ይላል። ያው አንድ እሳት እንጀራ ይጋግራል፣ ቡና ያፈላል፣ ልጅ ያሞቃል፣ ማታ ቤተሰቡን በዙሪያው ሰብስቦ ያስመሻል። ማብሰያ ለብቻ፣ ማሞቂያ ለብቻ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የዚህን ምድጃ ታሪክ መተረክ የአንድ ማሞቂያን ታሪክ መተረክ ነው፦ ስንት ማገዶ ገባበት? ከዚያስ ለሰው የደረሰው ሙቀት ስንት ነው? በጭስ የወጣውስ? በሌላው ዓለም እነዚህን ጥያቄዎች በመሣሪያ መጠየቅ ከተጀመረ 150 ዓመት ገደማ ሆኖታል። እኛ ምድጃ ዘንድ ልኬቱ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ የደረሰውም ግማሹ ነው።

ታሪኩን ከጓሳ እንጀምር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመንዝ አቅኚ አባቶች ከሚባሉት ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ባለርስቶች ሰፊውን የጓሳ ሜዳ በጋራ ይዘው በቄሮ ሥርዓት ማስተዳደር እንደጀመሩ ይነገራል። ሜዳው በተመረጠ አለቃ እየተጠበቀ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለመጥረጊያ ይውላል፤ እንደ ጨረንፌና አስታ ያሉት ቁጥቋጦዎች ደግሞ ማገዶ ይሆናሉ። ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ይህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከቀይ ቀበሮና ከጭላዳ ዝንጀሮ ጋር ተያይዞ ነው፤ እኔ ግን የአገራችን የመጀመሪያው የማገዶ ሒሳብ አድርጌ አየዋለሁ። እነዚያ ሰዎች መሬቱ በስንት ዓመት ስንት ሸክም እንደሚሰጥ ያውቁ ነበር። የሚለኩት ግን የሚገባውን ማገዶ ነው። ምድጃው ውስጥ ከገባ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቀው እሳቱና እፍ የምትለው ሴት ብቻ ነበሩ።

ጓሳ በቄሮ ሲጠበቅ፣ ምኒልክም ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በአውሮፓ ጭስን የሚመረምር ዕቃ ተሠራ። በፈጣሪው ስም ኦርሳት ተብሎ የሚጠራው ይህ መሣሪያ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን በቀጣዮቹ መቶ ዓመታት ከቦይለር ቤት አልጠፋም። አሠራሩ ቀላልም ብልህም ነው። ከጭስ ማውጫው 100 ሚሊ ሊትር ጋዝ መስመር በተሰመረበት የመስታወት ቱቦ ይሳባል። ጋዙ መጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚመጥ ፈሳሽ ወዳለበት ጠርሙስ ተገፍቶ ይመለሳል፤ 90 ሆኖ ከተመለሰ 10ሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ ኦክስጅንን ወደሚመጠው፣ በመጨረሻም ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደሚመጠው ጠርሙስ ይሄዳል። የጎደለው ሁሉ በቱቦው መስመር ላይ ይነበባል።

ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች አንድ ቦይለር ጠባቂ ብዙ ነገር ያውቃል። ጭሱ ውስጥ የተረፈው ኦክስጅን ከበዛ ምድጃው ከሚያስፈልገው በላይ ቀዝቃዛ አየር እየሳበ ነው፤ ያ አየር ይሞቅና ሙቀቱን ይዞ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከታየ ደግሞ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ አልነደደም፤ ሊሰጥ ይችል የነበረውን ሙቀት ሳይሰጥ መርዝ ሆኖ ወጥቷል። በዚህ ላይ የጭሱ የሙቀት መጠን ሲታከልበት በጭስ ማውጫው የሄደው ኪሳራ ይሰላል፤ ኪሳራውን ከ100 ቀንሶ የሚቀረው የምድጃው ብቃት ነው። ዛሬ ቴክኒሻኖች በእጃቸው የሚይዙት ኤሌክትሮኒክ የጭስ ጋዝ መመርመሪያም የሚያሰላው ይህንኑ ነው። ለውጡ በጠርሙሶቹ ፋንታ ጋዙን የሚለዩ ትንንሽ ሴንሰሮች መግባታቸው ብቻ ነው።

ኦርሳት በአውሮፓ ቦይለር ቤቶች ሲሠራ የሸዋ ጭንቀት ሌላ ነበር። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው ደን ተመንጥሮ አለቀ፤ ማገዶ ከሩቅ ይመጣ ጀመር። ችግሩ እየባሰ ሄዶ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከመነሣት ደረሱ። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት ከአውስትራሊያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በእነዚያው ዓመታት ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ ተሽከርካሪ አስመጣ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። እንፋሎት አገራችን ገባ፣ እሳት በብረት ሆድ ውስጥ መንደድ ጀመረ። ለማገዶ ችግር የተሰጠው መልስ ግን ብዙ ዛፍ መትከል ነበር። ዛፉን የሚበላው ጉልቻ ምን ያህሉን እንደሚያባክን ማንም አልጠየቀም፤ ባሕር ዛፉ በፍጥነት ስለሚደርስ ጥያቄው ለብዙ አሠርት ዓመታት ሳይነሣ ቀረ።

ባሕር ዛፍ መንዝም ደርሷል፤ ውርጩና ነፋሱ በበረታበት አምባ ላይ ግን እንደልብ አያድግም። ደገኛው ወደ ከብቶቹ ዞረ። እበቱ ከጭድ ጋር ይታሻል፣ በእጅ ተድቦልቡሎ ይጠፈጠፋል፣ በድንጋይ ካብ ላይ ወይም በሜዳ ተዘርግቶ በበጋው ፀሐይ ይደርቃል፣ ከዚያ ክረምቱን እንዲያሻግር ይከመራል። ኩበት ቶሎ አይያያዝም፤ አንዴ ከተያያዘ ግን ፍሙ ይቆያል፣ ረመጡ ሌሊቱን ሙሉ ቤቱን ያሞቃል። ለብርድ አገር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። መዘዙም እዚያው ነው፤ ኩበት ነበልባል አንሥቶ ከመንደድ ይልቅ መጨስ ይቀናዋል። በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት ከደረቅ እንጨት ያነሰ ነው፣ አመዱ ብዙ ነው፣ ጭሱም ወፍራም ነው። የመንዝ ማድ ቤት ጣሪያ በጥላሸት የጠቆረው ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደብረ ብርሃን ላይ የሱፍ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተከፈተ። ሱፍ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፣ በሙቅ ውኃ ይነከራል፤ ሙቅ ውኃ ካለ ቦይለር አለ፤ ቦይለር ካለ ነዳጅ የሚከፍል ድርጅት አለ። ጭስ በዓለም ዙሪያ የተለካው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው፣ የባከነው ሙቀት በደረሰኝ ላይ የሚታይ ገንዘብ ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ በዓለም ሲንር ደግሞ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የቤት ማሞቂያ ሳይቀር በመመርመሪያ ይፈተሽ ጀመር። በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚነደው ኩበት ደረሰኝ የለውም። እበቱ በመንደዱ እርሻው ያጣው ማዳበሪያ፣ ለቀማው የወሰደው የሴቶች ጉልበት፣ በጭስ የታመመ ዓይንና ሳንባ በየትም መዝገብ ላይ አልተጻፈም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። አዋጁ ለገባሩ ትልቅ ነፃነት ነበር፤ በጓሳ ላይ ግን በርስት የቆመውን የቄሮ ሥርዓት አብሮ አፈረሰው። ሜዳው ለሁሉም ክፍት ሆነ፣ ቁጥቋጦውም ሣሩም ከልክ በላይ ተወሰደ። ከዓመታት በኋላ የአካባቢው ሕዝብ በራሱ ማኅበራዊ አደረጃጀት መልሶ ጥበቃውን ያዘ፤ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ጓሳም እ.ኤ.አ. በ2008 በክልሉ ሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ሆኖ ታወቀ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ግን የማገዶው ጭነት ይበልጥ በኩበት ላይ ወደቀ።

ከዚያ 1977 ዓ.ም. መጣ። ድርቁና ረሃቡ ወሎንና ሰሜን ሸዋን ሲፈጅ የአገሪቱ መሬት ለምን ደከመ የሚለው ጥያቄ ከምሁራን ጠረጴዛ ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1984 ኬኔዝ ኒውኮምብ የተባለው የዓለም ባንክ ባለሙያ ስለ ኢትዮጵያ ባወጣው ጥናት አንድ ከባድ ሒሳብ አቀረበ፦ ምድጃ የሚገባው እበት ማሳ ቢገባ ኖሮ ስንት እህል ይታፈስ ነበር? መልሱ ኩበት ነፃ ማገዶ አለመሆኑን አሳየ፤ ዋጋው በጎተራ ነበር የሚከፈለው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሴሰን የተባለው የጣሊያን ድርጅት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የሠራው ሰፊ የኢነርጂ ጥናት ወጣ። አገሪቱ የምትጠቀምበት ኃይል እጅግ አብዛኛው እንጨት፣ ኩበትና የእህል ተረፈ ምርት መሆኑ፣ ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የእንጀራ ምጣድ እንደሚወስድ በቁጥር ታየ። ምድጃችን ለመጀመሪያ ጊዜ የአገር ጉዳይ ሆነ።

መለኪያውስ? ቪታ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ለምድጃ ሦስት ፈተናዎች አዘጋጅቶ ነበር። አንደኛው ውኃ በማፍላት የሚካሄድ ነው፦ የተመዘነ እንጨት፣ የተመዘነ ውኃ፣ ሰዓትና ቴርሞሜትር። ይህ ፈተና ለድስት ይሠራል፤ እንጀራ ግን ውኃ አይደለም። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሸክላ ምጣድ በመላ አካሉ እኩል መጋል አለበት፣ ሊጡ ሲፈስበት ይቀዘቅዛል፣ አክንባሎው ሲነሣ ደግሞ ሙቀት ያመልጣል። ስለዚህ ለእኛ የሚስማማው ሁለተኛው ፈተና ሆነ፣ ትክክለኛ ምግብ እያበሰሉ መለካት። እንጨቱ ይመዘናል፣ እርጥበቱ ይታያል፤ ጋጋሪዋ በለመደችው መንገድ ትጋግራለች፤ ሲያበቃ የተረፈው እንጨትና ፍም ተለይቶ ይመዘናል፣ የወጣው እንጀራም እንዲሁ። ለአንድ ኪሎ እንጀራ ስንት ግራም እንጨት ሄደ የሚለው ይሰላል። ሦስተኛው ፈተና ቤተሰቡ በራሱ ኑሮ ውስጥ ለቀናት የሚፈጀውን ማገዶ የሚለካ ነው፤ አድካሚው እሱ ነው፣ እውነቱን የሚናገረውም እሱ ነው።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ በያኔው የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር በዓለም ባንክ ድጋፍ ሲካሄድ ከነበረው ሥራ ሁለት ምድጃዎች ወጡ። «ላቀች» ከኬንያው የሸክላ ምድጃ የተወረሰች የከሰል ምድጃ ናት፤ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ አንድ አራተኛ ያህል ከሰል ትቆጥባለች። «ምርጥ» ደግሞ ለእንጀራ የተሠራ ነው፦ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀይ አፈር ጠጠር የተጣሉ አራት ግድግዳዎች ተገጣጥመው ክብ ይሆናሉ፣ ከኋላቸው ጭሱን የሚያወጡና ድስት የሚጣድባቸው ሁለት ክፍሎች ይቀመጣሉ። እሳቱ ከነፋስ ይጋረዳል፣ ሙቀቱ ምጣዱ ሥር ይታፈናል። በሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ ሲጋገር ከማገዶው ኃይል ለእንጀራው የሚደርሰው ከ10 ከመቶ ብዙም የማይርቅ ነው፤ ምርጥ በሙከራ ቤት ማገዶውን እስከ ግማሽ ቀነሰው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ብሂል ለወጡ እውነት ይሁን፤ ለማገዶው ግን ጉልቻ መለወጥ ትልቅ ነገር ነበር። ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂቲዜድ ምርጥን የሚያመርቱ የግል ባለሙያዎችን እያሠለጠነ በየክልሉ አስፋፋው። በኋላ ደግሞ ጎንዜና ትክክል የሚባሉት ምድጃዎች መጡ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የዚህን ጽሑፍ ዋና ነገር ልበል። የአንድ ምድጃ ብቃት ሁለት ጥያቄ አለው። አንደኛው፦ ከወጣው ሙቀት ስንቱ ምጣዱ ደረሰ? ሁለተኛው፦ ማገዶው ራሱ ምን ያህል ተሟልቶ ነደደ? የማገዶ ሚዛን ሁለቱን ደባልቆ አንድ ቁጥር ይሰጣል፣ ያም ቁጥር የሚያዳላው ለመጀመሪያው ነው። እሳቱን አጥብቀህ ብትዘጋው ሙቀት ይተርፋል፤ ከመጠን በላይ ብትዘጋው ግን አየር ያጥረዋል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ይበዛል። ማገዶ የቆጠበ ምድጃ የበለጠ መርዝ ሊያወጣ ይችላል። ይህን የሚለየው ሚዛን ሳይሆን የጭስ ጋዝ መመርመሪያ ነው። የቦይለሩ ጠባቂ ሁለቱንም ሲጠይቅ ኖሯል፤ እኛ ለእናቶቻችን ምድጃ የጠየቅነው ለረጅም ጊዜ አንዱን ብቻ ነው።

ያም ቢሆን የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ራሱ ወጥ ቤት ሲገባ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እስከ 2015 ድረስ 9 ሚሊዮን የተሻሻሉ ምድጃዎች ለማሠራጨት አቀደ። ተመራማሪዎቹ ዘነበ ገብረ እግዚአብሔር፣ አበበ በየነ፣ ዓለሙ መኮንንና ባልደረቦቻቸው በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ360 ቤተሰቦች ዘንድ ምርጥን በጋጋሪዎቹ እጅ ፈተኑት። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤታቸው ቁጠባውን ከ22 እስከ 31 ከመቶ አገኘው። ይህ ዝቅተኛ ቁጥር አይደለም፤ የጋገራ ጊዜውንም አላራዘመም፣ ሴቶቹም ወደዱት። ከግማሽ ግን ራቅ ይላል። ልዩነቱ የማንም ማጭበርበር አይመስለኝም፤ እርጥብ እንጨት፣ ሰፋ ያለ ምጣድ፣ የለመደ እጅ፣ የቸኮለ ቀን፣ እነዚህ ሁሉ ሙከራ ቤት ውስጥ የሉም።

ሁለተኛው ጥያቄ በጤና ሰዎች በኩል ገባ። አበራ ኩሚና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ቡታጅራ አካባቢ በሚገኙ የገጠር ቤቶች ውስጥ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ለኩ፤ አማካዩ በሜትር ኩብ 97 ማይክሮ ግራም ሆኖ ተገኘ፣ የያኔው የዓለም ጤና ድርጅት ዓመታዊ ገደብ 40 ሲሆን። እ.ኤ.አ. በ2012 አገሮች በምድጃ መለኪያ ላይ ተስማሙ፦ ማገዶ ብቻ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድና ጥቃቅን ብናኝም ይለካ፣ ምድጃውም በደረጃ ይቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ጤና ድርጅት ቁርጥ ያለ ገደብ አወጣ። ጭስ ማውጫ የሌለው ምድጃ በደቂቃ ከ0.16 ግራም፣ ጭስ ማውጫ ያለው ከ0.59 ግራም በላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣት የለበትም።

በጣም የሚያስተምረው ግን ከዚሁ ከክልላችን የወጣው ነው። በምዕራብ ጎጃም ሜጫ መሳፍንት ሞላ አዳነና ባልደረቦቻቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ያሉባቸውን ቤተሰቦች በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለአንዱ ወገን የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ ወጣ። ማድ ቤቱ ውስጥ ያለው ብናኝ በግልጽ ቀንሷል፤ የሕፃናቱ የሳንባ ምች ዓይነት በሽታ ግን በማያሻማ ሁኔታ አልቀነሰም። ቅናሹ እውነት ነው፤ የቀረው ጭስ ግን ገና ከጤና ገደቡ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን ሳይደብቁ መጻፋቸውን አከብራለሁ። ለምድጃ ፕሮግራሞች የማይጣፍጥ ዜና ነው፣ ግን የምንፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።

አሁን ያንን የቦይለር መሣሪያ ይዘን መሐል ሜዳ እንውጣ። መመርመሪያው መጀመሪያ ደጅ፣ ንጹሕ አየር ላይ ይከፈታል፣ ራሱንም ያስተካክላል፤ ኦክስጅን 20.9 ከመቶ ብሎ ያነባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መንዝ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው 70 ከመቶ ገደማ ነው፣ ውኃም በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መሣሪያው ግን የሚያነበው ድርሻን ስለሆነ እዚህም አሰብም 20.9 ይላል። በአንድ ዕቃ አየር ውስጥ እሳቱ የሚያገኘው ኦክስጅን ያነሰ መሆኑን ስክሪኑ አይናገርም። ቆላ ላይ አምሮ የነደደ ምድጃ ያንኑ የአየር ቀዳዳ ይዞ ደጋ ሲወጣ ጭስ የሚያበዛው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ዘንጉ በምርጥ የኋላ ጭስ ማውጫ ይገባል። የኩበት ጭስ ውኃና ጥላሸት ያዘለ በመሆኑ የመሣሪያውን ማጣሪያ ቶሎ ያጠቁረዋል፤ ካልተለወጠ ንባቡ ይዛባል። ቁጥሩ ሲመጣም በቁሙ አይወሰድም። ለምሳሌ ካርቦን ሞኖክሳይዱ በሚሊዮን 2,000፣ ኦክስጅኑ 15.9 ቢሆን፣ ጭሱ በብዙ አየር ቀጥኗል ማለት ነው፤ አየሩ ተቀንሶ ሲሰላ 2,000 በ20.9 ተባዝቶ ለ5 ይካፈላል፣ ትክክለኛው 8,360 ይወጣል። ይህን ሒሳብ ያልሠራ ሰው ብዙ አየር የሚስበውን ምድጃ ንጹሕ ነው ብሎ ይመሰክርለታል። ጭስ ማውጫ በሌለው ጉልቻ ላይ ደግሞ ዘንጉ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋር ማነጻጸር ይሻላል፤ አየር ሁለቱን እኩል ስለሚያቀጥን ዝምድናቸው አይፋለስም። ነበልባል ያነሣ ደረቅ እንጨት ካርቦኑን ከሞላ ጎደል ወደ ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። የሚጨስ ኩበት ግን ከዚያ የሚበልጥ ክፍል በሞኖክሳይድነት ይለቀዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሞቀው ያ ረመጥ ደግሞ ቀለምም ሽታም የሌለውን ጋዝ አብሮ ይሰጣል።

ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ የሚይዘው ከ200 እጥፍ በላይ በበረታ ኃይል ነው። ሲንቲያ ቢል የተባለችው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ጥናት ስሜን ተራሮች ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ደገኞችን መርምራ ደማቸው በአማካይ 95.3 ከመቶ በኦክስጅን የተሞላ ሆኖ አገኘችው። በዚያ ስስ አየር ውስጥ ይህ አስደናቂ የተፈጥሮ ስጦታ ነው። የእኛ ደገኛ በዘመናት ያገኘውን ይህን ስጦታ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚጨስ ምድጃ በአንድ ሌሊት ሊነጥቀው ይችላል፤ ከሰል አንድደው በር ዘግተው ያደሩ ቤተሰቦች በየክረምቱ የሚሞቱት በዚሁ ጋዝ ነው።

በኋለኞቹ ዓመታት ልኬቱ ከገንዘብ ጋርም ተጋባ። ምድጃ እያከፋፈሉ በዓለም ገበያ ከካርቦን ቅናሽ ሽያጭ ገንዘብ የሚያገኙ ፕሮጀክቶች በዙ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ጥናት ከመረመራቸው ፕሮጀክቶች የተሸጠው ቅናሽ ከእውነተኛው 9 እጥፍ ገደማ መጋነኑን አሰላ። የሙከራ ቤት ቁጥር የወጥ ቤትን ቁጥር ተክቶ ሲሸጥ የሚሆነው ይህ ነው።

አሁን ሕዳሴው ግድብ ተመርቋል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተስፋ ከፍ ብሏል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ማድ ቤት ውስጥ ጭስ የለውም፣ ለጋገራ ከሁሉም ይመረጣል። መንዝ ውስጥ ግን ምጣዱ ቢለወጥም የሌሊቱ ብርድ ይቀራል፣ ብርዱ ካለ ረመጡ አለ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኃይል ብቃትን የመንግሥት ኃላፊነት አድርጎታል፤ ኩበት የሚነድበት ምድጃም ኃይል ነው።

ስለዚህ በሰሜን ሸዋ ደጋ ምድጃ ለምታከፋፍሉ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች፣ ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎችም አንድ ጥያቄ አለኝ። ምድጃውን አዲስ አበባ ላይ በደረቅ ባሕር ዛፍ ፈትናችሁ አታምጡልን። መሐል ሜዳ ላይ፣ በመንዝ ኩበት፣ በጋጋሪዎቹ እጅ ፈትኑት፤ ለጋገራም ለሌሊት ማሞቂያም። ከማገዶ ቁጠባው ጎን የካርቦን ሞኖክሳይዱን ቁጥር ጽፋችሁ ምድጃው ላይ ለጥፉት፣ የምትገዛው ሴትም አንብባ ትምረጥ።